እሱ ይሠራል፣ እሷ ታጥባለች... መርዙ የማን ነው?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅርም ነው፣ ስለ መርዝም ነው። አትደንግጡ! «ቀንታ መርዝ አጠጣችው» ዓይነት ወሬ አላመጣሁላችሁም። የማወጋችሁ ማንም ከማንም ሳይጣላ፣ ማንም ለማንም ክፉ ሳያስብ፣ በሥራ ልብስና በጄሪካን ተጭኖ ሰተት ብሎ ቤታችን ስለሚገባው መርዝ ነው።

እስቲ መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አይጥ የምንገድልበትን ነገር ምን ብለን ነው የምንጠራው? «የአይጥ መድኃኒት»! ትኋን እንቅልፍ ሲነሳን ከሱቅ የምንገዛውስ? «የትኋን መድኃኒት»። ገበሬው ማሳው ላይ የሚረጨው «የአረም መድኃኒት»፣ ጎተራ ውስጥ የሚገባው «የነቀዝ መድኃኒት»... ሁሉም መድኃኒት ነው። ጉንፋን ሲይዘን የምንውጠውም መድኃኒት፣ በረሮ የምንፈጅበትም መድኃኒት። ቋንቋችን ራሱ አዘናጋን ልበል? ስሙ መድኃኒት ከሆነ እጃችን አይፈራም፣ አፍንጫችንም አይጠነቀቅም። ዕቃው ባዶ ሲሆን ደግሞ አለቅልቀን ውሃ እንቀዳበታለን።

ይህን ሁሉ እንዳስብ ያደረገኝ አንዲት የ23 ዓመት ወጣት የላከችልኝ ደብዳቤ ነው። ማንነቷን የሚጠቁመውን አውጥቼ ፍሬ ነገሩን ላካፍላችሁ።

«...ከጓደኛዬ ጋር አብረን መኖር ከጀመርን ዓመት ከመንፈቅ ሆኖናል። እሱ 27 ዓመቱ ነው። የሚሠራው ፀረ-ተባይ ኬሚካል ከበርሜል ወደ ትንንሽ ጠርሙስ እየገለበጡ በሚሸጡበት መጋዘን ነው። ጓንትም ጭምብልም አልተሰጣቸውም። ማታ ሲመጣ ሽታው ቀድሞት ነው የሚገባው። ራሱን ያመዋል፣ ያልበዋል፣ ምራቁ ይበዛል፣ አንዳንዴም ዓይኔ ብዥ አለብኝ ይላል። እኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የሥራ ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ፤ በአንድ ሳፋ የኔንም የሱንም። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ከመጋዘኑ ሁለት ሰማያዊ ጄሪካን አምጥቶልኝ በኦሞ አጥቤ ውሃ አጠራቅምባቸዋለሁ። ሥራውን ልቀቅ ስለው ‹ወተት እየጠጣሁበት ነው፣ ምንም አይለኝም፤ ደግሞስ የቤት ኪራዩን ማን ሊከፍልልን ነው?› ይለኛል። ሰሞኑን ተኳርፈናል። እናቴ ቤት ልሂድ ወይስ ችዬ ልኑር? ምን ይመክሩኛል?»

ደብዳቤውን ሁለት ጓደኞቼ አንብበው ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው። አንዷ «አሁኑኑ ጥላው ትውጣ!» አለች። አንዱ ደግሞ «በዚህ ኑሮ ሥራ ያለውን ወንድ ጥላ የት ልትሄድ ነው? ለሷ ብሎ አይደል እንዴ የሚለፋው?» ብሎ ተቆጣ። ሁለቱም ስለ ልጁ ነው የተከራከሩት። እኔ ግን ማውራት የምፈልገው ስለ ልብሱ ነው።

ከመጋዘን ወደ ሳፋ

ብዙዎቻችን መርዝ የሚጎዳው ሲጠጣ ብቻ ይመስለናል። ተሳስተናል። ብዙዎቹ የተባይ ማጥፊያዎች በቆዳ በኩልም ሰተት ብለው ይገባሉ። በተለይ ላብ ያራሰው ቆዳ ጥሩ በር ነው። ጠብታው ሸሚዙ ላይ ይቀመጣል፣ ሸሚዙ ቆዳው ላይ ይውላል። ማታ ደግሞ ሸሚዙ ከሰውየው ጋር ታክሲ ተሳፍሮ ቤት ይገባል፤ አልጋ ላይ ይወረወራል፣ ከሕፃን ልብስ ጋር ይቀላቀላል፣ በባዶ እጅ ይታሻል። እጥበቱ ከልብሱ ያወጣው መርዝ የት ይሄዳል? ወደ አጣቢዋ እጅ፣ ወደ ሳፋው፣ ወደ ቱቦው። ስለዚህ መጋዘን ገብታ የማታውቀው ሴት ሳትቀጠር ሠራተኛ ሆነች ማለት ነው። ያውም ያለ ደመወዝ!

በጉዳዩ ላይ ያነጋገርኩት ባለሙያ እንዲህ አስረዳኝ። እንደ ማላታዮን፣ ዲያዚኖንና ክሎርፓይሪፎስ ያሉት ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉ የተባይ ማጥፊያዎች የሚያጠቁት ነርቭን ነው። ነርቭ ለጡንቻና ለዕጢ መልእክት ይልካል፤ መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ጠራርጎ የሚያጠፋው ኮሊንኤስትሬዝ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። መርዙ ይህንን አጥፊ ያስረዋል። እንግዲህ ማብሪያ ማጥፊያው ተጣብቆ መብራቱ አልጠፋ ሲል አስቡት። ምራቅ ይበዛል፣ ላብ ይወርዳል፣ እንባ ይፈሳል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ የዓይን ብሌን ይጠባል፣ ጡንቻ ይርገበገባል። ሲብስ ትንፋሽ ያጥራል። የልጁን ሁኔታ ከዚህ ጋር አስተያዩት። «ድካም ነው» ብሎ የሚያልፈው ነገር ሰውነቱ የሚጮኸው ጩኸት ሊሆን ይችላል።

ይህ ደግሞ በግምት የሚታለፍ አይደለም። የኮሊንኤስትሬዝ መጠን በደም ምርመራ ይታወቃል። በጠና ለተመረዘ ሰውም ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጥ አትሮፒን የሚባል መድኃኒት አለ። ይኸኛው እንኳን እውነተኛው መድኃኒት ነው።

ወተቱስ? በቀለም፣ በባትሪና በኬሚካል ሥራ የሚውሉ ስንት ወጣቶች «ወተት ያረክሰዋል» ብለው ተማምነው ይኖራሉ! ወተት ለጤነኛ ሰው ምግብ ነው፤ ደም ውስጥ የገባን መርዝ ግን አያወጣም። እንዲያውም በስብ የሚሟሟ ኬሚካል ለዋጠ ሰው ወተት ማጠጣት መርዙን ወደ ሰውነት ሊያስገባው ይችላል። አሠሪ ጓንት መግዣውን ትቶ ወተት ሲያቀርብ፣ ያ ስጦታ ሳይሆን ማታለያ ነው።

«ጊዜው ያለፈበት ነው፣ አቅም የለውም»

ይህንንም አባባል ሰምታችሁ ይሆናል። ያረጀ መድኃኒት እንደሚደክም ሁሉ ያረጀ መርዝም የሚደክም ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1976 በፓኪስታን የሆነውን ስሙ። ለወባ መከላከያ ማላታዮን ሲረጩ ከነበሩት ሠራተኞች 2,800 ያህሉ ተመረዙ፤ 5 ሰዎችም ሞቱ። ሲመረመር ማላታዮኑ ከሚገባው በላይ አደገኛ ወደሆነ ሌላ ኬሚካል በከፊል ተለውጦ ተገኘ። ሙቀት ላይ የተቀመጠ ማላታዮንም እንዲህ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ፀሐይ ሲመታው የኖረ በርሜል ደከመ ተብሎ አይናቅም፤ ብሶበት ሊሆን ይችላል።

የኛ አገር ደግሞ ይህንን ትምህርት በውድ ዋጋ ነው የተማረችው። ለአንበጣ፣ ለተምች፣ ለወባ ተብሎ ባለፉት አሥርት ዓመታት ብዙ ኬሚካል ገባ። ከፊሉ በእርዳታ ከሚያስፈልገው በላይ መጣ፣ ከፊሉ አንበጣው ካለፈ በኋላ ደረሰ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይህ አይደል? ከፊሉ ደግሞ እንደ ዲልድሪን ያለው፣ ዓለም ካወገዘው በኋላም መጋዘን ውስጥ ተረስቶ ቀረ። በርሜሉ ዛገ፣ ፈሰሰ፣ አፈሩ ጠጣው። አንዳንዱ መጋዘን ሲሠራ ከከተማ ውጪ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ከተማው መጥቶ ከበበው።

እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የግብርና ሚኒስቴርና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት የማጽዳት ዘመቻ ጀመሩ። ልብ በሉ፤ ማጽዳት ማለት ጠርጎ ገደል መክተት አይደለም። ሠራተኞች ከእግር እስከ ራስ የሚሸፍን ልብስና የመተንፈሻ ጭምብል አድርገው የሚፈሰውን በርሜል አዲስ በርሜል ውስጥ ይከታሉ፣ የተበከለውን አፈር ይዝቃሉ፣ እያንዳንዱ በርሜል ተመዝኖ ይመዘገባል። ከዚያስ? በዚያን ጊዜ እዚህ አገር እንዲህ ያለ መርዝ የሚያቃጥል ምድጃ አልነበረም። በተራ እሳት ቢቃጠል ጭሱ ራሱ ሌላ መርዝ ነው፤ ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚያቃጥልና ጭሱን የሚያጣራ ልዩ ምድጃ ይፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር 1,500 ቶን ያህል መርዝ በኮንቴይነር ታሽጎ፣ ባሕር ተሻግሮ ፊንላንድ ድረስ ተጉዞ ተቃጠለ።

እንዲህ ያለውን መርዝ አንድ ቶን ለማስወገድ ከ3 ሺ ዶላር በላይ ይወጣል። ገንዘቡ የመጣው ከለጋሾች ነው። አያችሁ? ኬሚካሉ ሲገባ «እርዳታ» ነበር፣ ሲወጣም «እርዳታ» ሆነ። በመሃል ግን በየመጋዘኑ ዙሪያ ሲተነፍስ የኖረውን ሰው ማንም አላካካሰውም።

ሌሊት የመጣው ደመና

«ይህ የመጋዘን ነገር ነው፤ ፋብሪካ ዘመናዊ ነው፣ አደጋ የለውም» የሚል ቢኖር ቦፓልን ያስታውስ። ነገሩ የሆነው ኅዳር 23 ቀን 1977 ዓ.ም. ለ24 አጥቢያ ነው። ያን ጊዜ ዓለም ሁሉ የኛን ረሃብ በቴሌቪዥን እያየ ያለቅስ ነበር። በሕንዷ ቦፓል ከተማ ዩኒየን ካርባይድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያቋቋመው ፋብሪካ ነበር፤ የሚሠራውም ያው የተባይ ማጥፊያ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ሜቲል አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል ወደተቀመጠበት ጋን ውሃ ገባ። ኬሚካሉ ፈላ፣ ጋኑ አልቻለውም፤ ወደ 40 ቶን የሚጠጋ ጋዝ በሌሊት ከተማው ላይ ተለቀቀ።

መከላከያ አልነበረውም እንዴ? ነበረው! ጋኑን የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ነበረው፤ ተዘግቶ ነበር። ጋዙን የሚያጥብ መሣሪያ ነበረው፤ ያን ሁሉ ጋዝ የሚመልስ አልነበረም። ጋዙን የሚያቃጥል ማማ ነበረው፤ ቧንቧው ለጥገና ተነቅሎ ነበር። ሁሉም ነገር ነበር፣ የሚሠራ ነገር ግን አልነበረም። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ መሬት መሬቱን እየሄደ በአጥሩ ጥግ ወደተኮለኮሉት የድሃ ጎጆዎች ገባ። ሰዎች ዓይናቸው እየነደደ ወጥተው ሮጡ፤ የት እንደሚሮጡ፣ ከምን እንደሚሸሹ የነገራቸው አልነበረም። መንግሥት ያመነው የሟች ቁጥር ከ3,700 በላይ ነው፤ ሌሎች ግምቶች ከዚያ እጅግ ይበልጣሉ። ጋዙ የነካው ሰው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1989 470 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ጉዳዩን ተስማማ።

አለቀ? አላለቀም። ፋብሪካው ሲዘጋ ቆሻሻው እዚያው ቀረ። መርዙ ወደ ጉድጓድ ውሃ ዘለቀ። ከግቢው 337 ቶን መርዛማ ቆሻሻ ተጭኖ ወጥቶ የተቃጠለው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። አርባ ዓመት! ያን ሌሊት የተወለደ ልጅ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ነው ቆሻሻው ከግቢ የወጣው። ያውም አፈሩና ውሃው ገና ሳይጸዳ።

ከመጋዘኑ እስከ ቦፓል ያለው ነገር አንድ ነው። መርዝ ስለተጣለ አይጠፋም፣ ስለተዘጋበት አይሞትም። ባለቤቱ ካልያዘው ሌላ ሰው ይሸከመዋል። የሚሸከመውም ሁልጊዜ ከጥቅሙ ያልተካፈለው ነው።

ጭምብል መጨረሻ ነው

በየፋብሪካው የደኅንነት ባለሙያዎች የሚከተሉት ቅደም ተከተል አለ። ሥራ ፈላጊ ወጣት ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ ኬሚካል የግድ ያስፈልጋል ወይ?» ነው። የግድ ካልሆነ ይቀር። ካስፈለገ ደግሞ ቀለል ባለ ይተካ። ካልተተካ ሰውና ኬሚካሉ አይገናኙ፤ በእጅ መገልበጡ ቀርቶ በተዘጋ ቧንቧ ይሂድ፣ አየር የሚስብ መሣሪያ ይተከል። ቀጥሎ ሥልጠና፣ ምልክት፣ የሥራ ሰዓት ማሳጠር ይመጣል። ጓንትና ጭምብል የመጨረሻው መስመር ነው። ስለዚህ አሠሪ «ማስክ ሰጥቻችኋለሁ፣ ምን ቀረ?» ካላችሁ ገና ብዙ ቀርቶታል። ማስኩንም ካልሰጠ ግን ምንም አልጀመረም ማለት ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ ልብስና መሣሪያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ ያደርገዋል። አደገኛ ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛም እንደ ሥራው ጠባይ በአሠሪው ወጪ የጤና ምርመራ ያገኛል። ጤናንና ሕይወትን የሚያሰጋ አደጋ መድረሱን አሠሪው እያወቀ እርምጃ ካልወሰደ ደግሞ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል። ፀረ-ተባይ ከበርሜል ወደ ጠርሙስ መገልበጥም እንደ ዘይት ችርቻሮ ማንም የሚከፍተው ሳይሆን ፈቃድና ቁጥጥር ያለበት ሥራ ነው።

ለእህቴ መልስ

እህቴ፣ ወደ አንቺ ልምጣ። ጥለሽው ሂጂ አልልሽም፤ ችለሽ ኑሪም አልልሽም። መለየት ያለብሽ ከልብሱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ያንን ልብስ አትንኪ። ነፍሰ ጡር ነሽ፤ በሆድሽ ያለው ልጅ ነርቭና አንጎሉ ገና እየተሠራ ነው። ልጁ የሥራ ልብሱን እዚያው መሥሪያ ቤቱ ቀይሮ፣ ገላውን በሳሙና ታጥቦ ይምጣ። ማጠቢያ ከሌለ በር ላይ አውልቆ በላስቲክ ይቋጥረው፤ ራሱ በጓንት፣ ለብቻው በተለየ ሳፋ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሁለቴ ይጠበው፤ ፀሐይ ላይ ያስጣው። ኬሚካል የፈሰሰበትና የራሰ ልብስ ከሆነ ማጠብም የለም፣ ይወገድ።

ጄሪካኖቹን ዛሬውኑ ውሃ አትቅጂባቸው። ፕላስቲክ ኬሚካሉን ይመጣል፣ በኋላም ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይለቃል። ኦሞም ሆነ አመድ፣ የፈላ ውሃም ቢሆን አያወጣውም። ለጎረቤት እንዳትሰጪ፣ ለቆራሌውም እንዳትሸጪ። ሌላ እናት ቤት ይገባልና! ልጁ በስቶ ከጥቅም ውጪ ያድርጋቸውና ወደ መጡበት ይመልስ።

ከዚያ ሁለታችሁም ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አንቺ ለእርግዝና ክትትል ስትሄጂ ነገሩን ሳትደብቂ ንገሪ። እሱ የሚሠራበትን ኬሚካል ስም ከበርሜሉ ጽፎ ይዞ ይሂድና የደም ምርመራ ይጠይቅ። ውጤቱን በወረቀት ሲያይ «ምንም አይለኝም» ማለቱን ይተው ይሆናል። ወንድ ልጅ አንዳንዴ ከሚስቱ እንባ ይልቅ ወረቀት ያምናል።

የቤት ኪራዩ ጥያቄ እውነት ነው፤ አልንቀውም። ግን ለብቻው አይጠይቅ። ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ጓንት፣ ጭምብልና መታጠቢያ በጽሑፍ ይጠይቁ። እምቢ ካላቸው የሥራና ክህሎት ቢሮ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አለ፤ እዚያ ይሂዱ። ጎን ለጎን ሌላ ሥራ ይፈልግ። ይህን ሁሉ ነግረሽው፣ አሁንም መርዙን ይዞ አልጋሽ ላይ ልውጣ ካለ፣ ያን ጊዜ እናትሽ ቤት እስክትወልጂ ድረስ መቆየት ኩርፊያ አይደለም። ልጅን ማዳን ነው።

ለናንተም ለሁላችሁ

«እኔ መጋዘን አልሠራም» ብላችሁ ጋዜጣውን እንዳታጥፉት። ትኋን የሌለበት የኪራይ ቤት ስንት አለ? እንግዲህ እነዚህን ያዙልኝ።

በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ፣ ስምም ምልክትም የሌለውን «መድኃኒት» አትግዙ። ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። በእውነተኛው ጠርሙስ ወረቀት ላይ ከታች በኩል ባለ ቀለም መስመር ይኖራል፤ ቀይ እጅግ አደገኛ ነው፣ ቢጫ ቀጥሎ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ በመጨረሻ አረንጓዴ። ቀይ መስመር ያለው ነገር መኝታ ቤት ምን ይሠራል?

የእህል ነቀዝ ማጥፊያ እንክብል ለትኋን ብላችሁ ክፍል ውስጥ አታስቀምጡ። እርጥበት ሲነካው ገዳይ ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙም በግድግዳ ስንጥቅ ጎረቤት ይገባል። ለትኋን የፈላ ውሃ፣ ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ የአልጋና የግድግዳ ስንጥቅ መድፈን ይቅደም።

ቃሚዎችም ስሙኝ! በሀገራችን የተደረገ ጥናት በጫት ቅጠል ላይ የዲዲቲ ቅሪት አግኝቷል። ዲዲቲ በሰውነት ስብ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፣ በእናት ጡት ወተትም ወደ ልጅ ይሻገራል። ምርቃናው በማግስቱ ይለቃችኋል፤ እሱ ግን አይለቅም።

ኬሚካል ሰው ላይ ከፈሰሰ ልብሱን ቶሎ አውልቃችሁ በብዙ ውሃና ሳሙና እጠቡት። ዓይን ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹህ ውሃ። ከተዋጠ በግድ አታስመልሱ፣ ወተትም አትጋቱት፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ስሙን ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶች። የአንድ ጥንድ ጓንት ዋጋና አንድ ቶን መርዝ ፊንላንድ ድረስ ልኮ የማቃጠል ዋጋ እስቲ አወዳድሩት። ሥራ ስትቀጠሩ ስለ ደመወዙ ከጠየቃችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «የሥራ ልብሴን የሚያጥበው ማን ነው?» በሉ። መልሱን ሰምታችሁ አሠሪው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

በሉ ሰላም ሰንብቱልኝ!